ታይም ላፕስ ወይስ ስሎው ሞሽን? ሰሜን ሸዋ ላይ ቪዲዮ ለሚቀርጹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ ካሜራ የያዘ ወጣት በዝቷል። አንዱ ሠርግ ይቀርጻል። አንዱ ለቲክቶክ የአንኮበርን ጉም ያነሳል። ሌላው መንዝ ውስጥ ጓሳ ድረስ ሄዶ ጭላዳ ሲጠብቅ ይውላል። ከሁሉም የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ተቀራራቢ ነው፦ ይሄን ላፋጥነው (ታይም ላፕስ) ወይስ ላዘግየው (ስሎው ሞሽን)? መልሱን የሚወስነው ካሜራው ሳይሆን የምትቀርጹት ነገር ነው። ዓይን እንዳያየው የሚደብቀው መዘግየቱ ነው ወይስ ፍጥነቱ? ይህን ከለያችሁ የቀረው ሒሳብና ትዕግሥት ነው።

በአጭሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶዎች ናቸው። እያንዳንዷ ፎቶ ፍሬም ትባላለች። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። የአገራችን ቴሌቪዥን 25። ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ 30።

የማሳያው ፍጥነት አይቀየርም። የሚቀየረው የምናነሳበት ፍጥነት ነው። በታይም ላፕስ በየተወሰነ ሰከንዱ አንድ ፍሬም ብቻ ታነሳላችሁ። በየ5 ሰከንዱ አንድ ካነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ 720 ፍሬም ይኖራችኋል። ይህን በ24 ስታጫውቱት 30 ሰከንድ ይሆናል። የአንድ ሰዓት ጉም በግማሽ ደቂቃ አለፈ ማለት ነው።

ስሎው ሞሽን ተቃራኒው ነው። በሰከንድ 120 ፍሬም ታነሳላችሁ። በ24 ስታጫውቱት አንዷ ሰከንድ 5 ሰከንድ ትሆናለች። በ240 ካነሳችሁ 10 ሰከንድ።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

በአካባቢያችን ያሉ ነገሮችን እያነሳን እንየው።

ምንጃር ላይ የጤፍ ውቂያ ደርሷል እንበል። አውድማው ላይ በሬዎቹ ይዞራሉ። ነዶው ከጠዋት እስከ ከሰዓት እየተፈረካከሰ ዝቅ ይላል፣ ገለባና ፍሬው ይለያያል። ይህን ዓይን አይከተለውም። ቆሞ የሚያይ ሰው በሬ ሲዞር ብቻ ነው የሚያየው። ይህ የታይም ላፕስ ሥራ ነው። ካሜራውን ከፍ ያለ ቦታ ትከሉትና ተዉት። ክምሩ ሲቀልጥ፣ ጥላው ሲዞር፣ ሰዎቹ ሲፈራረቁ ታያላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይመጣል። ገበሬው መንሹን አንስቶ ወደ ላይ ይበትናል። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ገለባው ከፍሬው የሚለየው በአየር ላይ ነው፤ ጉዳዩ ከሰከንድ ብዙም አያልፍም። ከባዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቀላሉ ወደ ጎን ይነዳል። በተራ ቪዲዮ የሚታየው አቧራ ብቻ ነው። በ120 ፍሬም ስታነሱት ግን የልጅ ልጅ የሚማርበት ነገር ይወጣል። ነፋስና የሰው እጅ እንዴት እንደሚተባበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ አውድማ፣ አንድ ቀን፣ ሁለቱም መንገድ። ምርጫው የሚመጣው ከቦታው ሳይሆን ከድርጊቱ ነው።

ሌላ ምሳሌ ላክል። የመንዝ እናት እንዝርት ይዛ ሱፍ ስትፈትል የጣቷ ሥራ በጣም ፈጣን ነው። ስሎው ሞሽን ይፈልጋል። ያው ክር ባና ወይም በርኖስ ሆኖ ሲሸመን ግን ቀናት ይወስዳል። እሱ ታይም ላፕስ ነው።

ሁለቱንም የማይፈልግ ነገርም አለ። እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን ሲያወጣ ዓይናችን በደንብ ይከተለዋል። በራሱ ፍጥነት ያምራል። ቡና ከጀበና ሲቀዳም እንዲሁ። እባካችሁ እነዚህን አትንኩ።

በተለመደው ፍጥነት ቀርጬ በኋላ በኤዲቲንግ ባስተካክለውስ?

ለማፋጠን ይቻላል። የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ካፕካት ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ 20 እጥፍ ማፋጠን አንድ ደቂቃ ይሰጣል። ለአጭር ነገር ይሄ ምንም ችግር የለውም። ለሦስትና ለአራት ሰዓት ግን ሚሞሪውም ባትሪውም አይበቃም።

ለማዘግየት ግን ያልተነሳ ፍሬም ከየት ይመጣል? በ30 የተቀረጸን ቪዲዮ አራት እጥፍ ስታዘገዩት ሶፍትዌሩ ወይ ያንኑ ፍሬም ይደጋግማል፣ ያኔ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ወይ በመሐል ያለውን ገምቶ ይሠራል። ግምቱ ንጹሕ ግድግዳ ፊት ለሚራመድ ሰው አንዳንዴ ይሳካል። ለገለባ፣ ለፈረስ ጋማ፣ ለሚረጭ ውኃ፣ ለሹሩባ ግን ይዝረከረካል። ጠርዙ ይቀልጣል። ስለዚህ ስሎው ሞሽን ካሰባችሁ የቀረጻውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ወስኑ።

አንዳንድ ስልኮች ላይ 960 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ የተወሰነው ክፍል እንዲህ በግምት የተሞላ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። ቧንቧ ክፈቱና የውኃውን ጠብታ ቅረጹ። ወዲያው ይታያችኋል።

ለታይም ላፕስ በየስንት ሰከንዱ ላንሳ?

እንደ ነገሩ ፍጥነት ነው። ገደል ይዞ የሚወጣ ጉም ፈጣን ነው፤ 1 ወይም 2 ሰከንድ በቂ ነው። ከላይ ረጋ ብሎ የሚሄድ ደመና ከ3 እስከ 5 ሰከንድ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከ5 እስከ 10። የተራራ ጥላ ሲረዝም ከ20 እስከ 30። አበባ ሲፈካ በደቂቃ መቁጠር ነው፣ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ።

ሒሳቡን ከኋላ ጀምሩት። ስንት ሰከንድ ቪዲዮ ነው የምፈልገው? 10 ሰከንድ ካላችሁ በ24 ሲባዛ 240 ፍሬም ነው። ድርጊቱ 40 ደቂቃ ይፈጃል? 2,400 ሰከንድ ለ240 ሲካፈል 10። በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ሂዱ።

ግራ ከገባችሁ አጠር ያለውን ክፍተት ምረጡ። የበዛውን ፍሬም በኋላ መቀነስ ትችላላችሁ። የጎደለውን መጨመር አትችሉም።

የስልካችሁ የራሱ ታይም ላፕስ ግን ክፍተቱን ላያስመርጣችሁ ይችላል። ለምሳሌ አይፎን ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ክፍተቱን ራሱ እያሰፋ ይሄዳል። ለዚህ ነው ግማሽ ሰዓትም ቀረጻችሁ ሁለት ሰዓት የሚወጣው ቪዲዮ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ አካባቢ የሚሆነው። ክፍተቱን ራሳችሁ መወሰን ከፈለጋችሁ ሌላ አፕ መጫን አለባችሁ።

የጉም ታይም ላፕስ የት ያምራል?

ሰሜን ሸዋ በዚህ የታደለ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መሐል ያለው ገደል ነው ሥራውን የሚሠራው። ከቆላው የተነሳ እርጥብ አየር ገደሉን ተጠግቶ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ደብረ ሲና ስታዩ ከእግራችሁ ሥር የሚፈላው እሱ ነው።

ጣርማ በርና አንኮበር የመጀመሪያ ምርጫዎቼ ናቸው። አንኮበር ላይ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ጉብታ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ሰንሰለቱ ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ይወርዳል። ጉሙ እያንዳንዱን ደረጃ ሲሞላና ሲለቅ በተራ ቪዲዮ አይታወቅም። ታይም ላፕስ ግን ተራራው ሲተነፍስ ያሳያችኋል። የወፍ ዋሻ ደን ጠርዝም እንዲሁ ነው፤ ጉሙ በጥዶቹ መሐል ሲገባና ሲወጣ ማየት ለብቻው የሚያስደስት ነገር ነው።

ነሐሴ ላይ ጉሙ ይበዛል፣ ግን ካሜራውን ራሱ ይውጠዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ነጭ ግድግዳ ቀርጻችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላል። ሰማዩ ይገለጣል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጉሙም ከታች ይቆያል። በጊዜ ድረሱ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ካሜራው ተተክሎ መጠበቅ አለበት።

ንፋሱን አትናቁት። ጣርማ በር ላይ ቀላል ትራይፖድ ይንቀጠቀጣል። የመሐሉን ዘንግ አታስረዝሙት። ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ ከሥሩ አንጠልጥሉ፣ ግን ነፋስ እንዳያወዛውዘው መሬቱን ይንካ። ትንሽ መንቀጥቀጥ በተራ ቪዲዮ አይታይም። በታይም ላፕስ ግን ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ስሎው ሞሽን ስቀርጽ ቪዲዮው ለምን ይጨልማል?

ምክንያቱም እያንዳንዱ ፍሬም የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል። ጊዜው ሲያጥር ብርሃኑም ያንሳል። የተለመደው ሕግ የሸተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ቁጥር የፍሬሙ እጥፍ ይሁን ይላል። በ24 ስትቀርጹ 1/50 ሰከንድ አካባቢ ነው። በ120 ከሆነ 1/240 ወይም 1/250። በ240 ወደ 1/480 ይደርሳል። በ24 ከምታገኙት ብርሃን አንድ አሥረኛው ብቻ ነው የሚደርሳችሁ።

ካሜራው ጉድለቱን በአይኤስኦ፣ ማለትም ብርሃኑን በሚያጎላው ቅንብር፣ ለመሙላት ይሞክራል። ያኔ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። መፍትሔው ፀሐይ ነው። በዚህ ደግሞ የደጋው ሰማይ አይታማም፤ በበጋ ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለ240 ከበቂ በላይ ነው።

ለአውድማው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፀሐይዋን ከገበሬው ጀርባ አድርጓት። ገለባው ብርሃን ይዞ ያበራል። ፀሐይ ከእናንተ ጀርባ ከሆነች ያው ገለባ ከመሬቱ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። ነፋሱ ወደ ካሜራው እንዳይነፍስም ተጠንቀቁ። የጤፍ ገለባ ደቃቅ ነው፤ ሌንስ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

አዳራሽ ውስጥ በስሎው ሞሽን ስቀርጽ መብራቱ ይርገበገባል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

ስልኩ ደህና ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን ይህን አያይም። በ120 የሚቀርጽ ካሜራ ግን ያየዋል። አንዱ ፍሬም ደማቁን ጊዜ ያገኛል፣ ቀጣዩ ደብዛዛውን።

ካሜራችሁ በሰከንድ 100 ፍሬም የሚል ምርጫ ካለው እሱን ውሰዱ። ከመብራቱ ጋር እኩል ስለሚሄድ መርገብገቡ ይጠፋል። ሸተሩንም 1/100 ማድረግ ይረዳል፤ ምስሉ ትንሽ ቢለሰልስም። በ25 ስትቀርጹ 1/50 ከሆነ ስጋት የለም። ምርጫ ከሌላችሁ ሙሽሮቹን ወደ መስኮት አምጡ። የቀን ብርሃን አይርገበገብም። ለቪዲዮ የተሠራ ጥሩ የኤልኢዲ መብራትም እንዲሁ።

ሠርጉን በሙሉ ስሎው ሞሽን ብሠራውስ?

ደንበኞች ይጠይቃሉ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

እስክስታን ተመልከቱ። ትከሻው ሲመታ፣ አንገቱ ሲሰበቅ፣ ሁሉም ከከበሮው ጋር ነው። ውበቱ ፍጥነቱ ነው። ሙሉ ጭፈራውን ስታዘገዩት ከበሮው ይሄዳል፣ ትከሻው ይቀራል። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ሲያየው የሚናፍቀው ያን ግለት ነው፤ እናንተ ደግሞ አቀዘቀዛችሁበት።

ሦስት ወይም አራት ቅጽበት ምረጡ። የአንገቷ ሐብል የሚዘልበት ሰከንድ። የሹሩባ መወናጨፍ። የሙሽራዋ እናት እልል ስትል። ቄጠማ ሲጎዘጎዝ። እያንዳንዱን ከ5 እስከ 8 ሰከንድ አሳዩና ወደ ተለመደው ፍጥነት ተመለሱ። ትንሽ ሲሆን ነው የሚያስደነግጠው።

ታይም ላፕስም ሠርግ ላይ ቦታ አለው። ድንኳን ሲተከል፣ ዳስ ሲጣል፣ ሰው ሲሞላ። አንድ ጥግ ላይ አሮጌ ስልክ አስሮ መተው ነው። ማንም አይረበሽም።

የምታለቅስ ሴትን ፊት አዘግይታችሁ ሙዚቃ ስለማልበስ ደግሞ አንድ ቃል። ሽኝት ላይ እንባ ይወርዳል። ያ እንባ የሷ ነው። ጠይቋት፣ ከፈቀደች አድርጉት።

ለፈረስ ጉግስ ስንት ፍሬም ይበቃል?

120 ጥሩ ነው፣ 240 ካለ ይበልጣል። ስሎው ሞሽንና ፈረስ የቆየ ዝምድና አላቸው። ድሮ ሰዎች አንድ ጥያቄ ያከራክራቸው ነበር፦ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚነሳበት ጊዜ አለ ወይ? እ.ኤ.አ. በ1878 ኢድዌርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ መልሱን አገኘ። አዎ፣ ይነሳል። ያውም እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ እንጂ ሠዓሊዎቹ ይስሉት እንደነበረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ አይደለም። ከዚያ ኦጉስት ሙስገር የተባለ ኦስትሪያዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1904 የስሎው ሞሽን ፈጠራውን የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ በኪሳችሁ የያዛችሁት ከዚያ የወረደ ነው።

የራሳችሁን ፈረሶች ቅረጹና ያንን ቅጽበት ፈልጉት። መንዝ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ለጥምቀት የሚጋለቡ ፈረሶች ሞልተዋል። ዝቅ ብላችሁ ከጎን ሁኑ። ከፊት ለፊት አትቁሙ፤ ለምስሉም ለሕይወታችሁም ጥሩ አይደለም። ፈረሱ ከመድረሱ ሁለት ሰከንድ በፊት ቀረጻ ጀምሩ፣ ካለፈ በኋላ ወዲያው አቁሙ። ረጅም ስሎው ሞሽን ፋይሉ ግዙፍ ነው፣ ለማየትም ያሰለቻል።

ታይም ላፕሴ ብልጭ ድርግም ይላል። ለምን?

ካሜራው በየፍሬሙ የራሱን ውሳኔ ስለሚወስን ነው። ደመና ሲያልፍ ያደምቃል፣ ሲገለጥ ያጨልማል። አንዱ ሰማያዊ፣ ቀጣዩ ቢጫ ይሆናል። ፎከሱም ይንከራተታል።

ሁሉንም ቆልፉ። ካሜራ ከሆነ ወደ ማንዋል ቀይሩት፦ ሸተሩን፣ አይኤስኦውን፣ የነጭ ሚዛኑን (የቀለሙን ቅንብር)፣ ፎከሱን። ስልክ ከሆነ ስክሪኑን አንድ ቦታ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ብዙዎቹ ስልኮች ብርሃኑንና ፎከሱን ይቆልፋሉ።

ሸተሩን በጣም ፈጣን አታድርጉት። 1/1000 ላይ የሚራመዱ ሰዎች እንደ አሻንጉሊት ይዘላሉ። ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት) ካላችሁ አጨልሙና ሸተሩን አዘግዩ። ትንሽ ሲደበዝዙ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል።

የፀሐይ መጥለቅ ብቻ የተለየ ነው። እዚህ ቆልፋችሁ ብትተዉት መጨረሻው ጥቁር ይሆናል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ያለው ጥሩ ብርሃን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። ሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው የጻፈውን ምክር ተከትላችሁ አንድ ሰዓት ይተርፈኛል ብትሉ ትቸገራላችሁ። እዚህ ብርሃኑ በቶሎ ስለሚቀየር ካሜራው ራሱ እንዲያስተካክል መተው፣ ወይም በእጅ ትንሽ ትንሽ እያሉ ሸተሩን ማዘግየት ነው። ምሽት 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታችሁን ያዙ።

ጓሳ ላይ ሌሊት ኮከብ መቅረጽ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ድንቅ ቦታ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ንጹሕ ነው፣ በቅርብ ትልቅ ከተማ የለም። ሰፊ ሌንስ ያለው ካሜራ ያስፈልጋል። አይኤስኦ 1600 ወይም 3200፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻ የተከፈተ። ሸተሩን ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ። በ20 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ይመጣል። ከዚያ ካለፈ ኮከቦቹ መስመር ይሆናሉ። ሒሳቡ ለፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ላለው) ካሜራ ነው፤ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ሸተሩን አሳጥሩ።

የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው፣ ከአድማሱ 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ። ካሜራውን ወደ ሰሜን ካዞራችሁ ሌሎቹ ኮከቦች በሷ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ታዩታላችሁ። ፍኖተ ሐሊብን ከፈለጋችሁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሩ። በመጋቢት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በግንቦት ከዚያ ቀደም ብሎ ይወጣል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ።

ዋናው ጠላት ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ባትሪ በብርድ በፍጥነት ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ከደረታችሁ አጠገብ፣ ከጋቢው ሥር አድርጉት። ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይቋጠር በዙሪያው ጨርቅ ጠምጥሙ። ሲነጋ ካሜራውን ወዲያው ሙቅ ቤት አታስገቡ። መጀመሪያ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ። አለበለዚያ እርጥበቱ ውስጡ ይገባል።

ጭላዳስ?

ጭላዳ ለሁለቱም ይሆናል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። መንጋው ሜዳውን እየጋጠ ሲንሸራተት ለማየት ታይም ላፕስ አድርጉ፣ በየ3 ሰከንዱ።

ስሎው ሞሽን ደግሞ ለወንዱ። ጋማው በነፋስ ሲበተን በ120 ቅረጹት። የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን የሚያሳይበት ቅጽበት በጣም አጭር ነው፤ ሲጣሉ ወይም ሲያስፈራሩ ያደርጉታል። የጣታቸውንም ሥራ ቅረጹ። ሣሩን አንድ በአንድ መርጠው የሚነቅሉበት ፍጥነት ያስገርማል።

አትጠጉ፣ አትመግቡ። ጥሩ ምስል የሚመጣው ከረሷችሁ በኋላ ነው። ቀይ ቀበሮ ካጋጠማችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙ። ያ እንስሳ ከጥቂት የአገራችን ተራሮች በቀር በዓለም የለም። ለአንድ ክሊፕ ተብሎ አይባረርም።

ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ይበቃል?

ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው። ትራይፖድ ከሌለ ሁለት ድንጋይ መሐል አጣብቁት። ለታይም ላፕስ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት። መሐል ላይ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ይቋረጣል። ፓወር ባንክ ሰክታችሁ ጀምሩ። ፀሐይ ላይ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አልብሱት፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

ሚሞሪውን ቀድማችሁ አስሉ። አንድ ተራ ፎቶ 5 ሜጋባይት ከሆነ 720ው 3.6 ጊጋባይት ይይዛል። በካሜራ ሮው (ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ አንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 18 ጊጋባይት ነው። ሜካኒካል ሸተር ያለው ካሜራ ከሆነ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሸተር አንሱ፤ በየቀኑ ብዙ ሺህ መምታት ዕድሜውን ይበላል።

ድምፁን ምን ላድርግ?

ታይም ላፕስ ድምፅ የለውም። የስሎው ሞሽን ድምፅ ሲዘገይ ጎርንኖ አይጠቅምም። ስለዚህ በሌላ ስልክ ድምፁን ለብቻው በራሱ ፍጥነት ቅረጹ። የመንሹን ድምፅ፣ የበሬ ነጂውን ዜማ፣ ጣርማ በር ላይ ያለውን ነፋስ። ምስሉ ሲዘገይ ከሥሩ እውነተኛው ድምፅ ሲኖር ተመልካቹ ቦታው ላይ ይሆናል። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፒያኖ ይህን አያደርግም።

ወራት የሚፈጅ ግንባታ እንዴት ይቀረጻል?

ደብረ ብርሃን ላይ ሕንፃ በየአቅጣጫው እየወጣ ስለሆነ ይህ ሥራ ገበያ አለው። በቀን 10 ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው አንድ ፎቶ ከሆነ በቀን 40 ይሆናል። በ180 ቀን 7,200። በ24 ሲጫወት ልክ 5 ደቂቃ ነው። ለማስታወቂያ ይረዝማል፣ ግን ማሳጠር ቀላል ነው።

ካሜራው ጨርሶ መነካት የለበትም። ቅንፉን በብሎን ከግድግዳ ጋር እሰሩ። ከዝናብ የሚከልል ሳጥን አብጁለት፣ መስታወቱን በየሳምንቱ ጥረጉ። መብራት ስለሚጠፋ ትንሽ ሶላር ወይም ጠንካራ ፓወር ባንክ ይኑር። ፎቶዎቹን በየጊዜው ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የስድስት ወር ሥራ አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ አይተውም።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ሰው ቶሎ ጨርሶ ይሄዳል። ታይም ላፕስ የሚቀርጽ ግን ካሜራ ተክሎ ሰዓታት ይቀመጣል። ይህ ጥያቄ ያስነሳል፣ ቢያስነሳም አይገርምም። ቀበሌውን አናግሩ። የአካባቢውን ሽማግሌ ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ በስክሪኑ ላይ አሳዩአቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ወታደራዊ ቦታ ወደሚታይበት አቅጣጫ ካሜራ አትትከሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ጓሳ ደግሞ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። መግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ። ጭላዳዎቹ በየትኛው ገደል እንዳደሩ፣ ጉሙ በየት በኩል እንደሚገባ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የት ላይ ትራይፖድ ልትከሉ እንዳሰባችሁ ከማታው ንገሩት፣ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ይዟችሁ ይወጣል።